21 ቀን መጠበቅ



በአማርኛችን «መጠበቅ» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ አለው። ሰው ገና ያልመጣውን ነገር ይጠብቃል፤ በእጁ ያለውንም ይጠብቃል። የወንበርማ ልጅ በቆሎ ጥበቃ ሲላክ ማማው ላይ ተኝቶ እሸቱ እስኪደርስ አይጠብቅም፤ ዝንጀሮና ከርከሮ እንዳይገቡበት ወንጭፉን ይዞ፣ ዓይኑን ተክሎ ይውላል። በመድረኮቻችን ጌታን ስለ መጠበቅ ስናስተምር ግን ብዙ ጊዜ የሚሰማው የመጀመሪያው ትርጉም ብቻ ነው። ነገ ሐኪም ፊት መቅረብ ያለበት ወገን ይህን ሰምቶ፣ አሜን ብሎ፣ ቤቱ ይቀመጣል።

ዛሬ የምንጽፈው ስለ ጡት ካንሰር ነው። በተለይም ከቀዶ ሕክምና በፊት ስለሚሰጠው ኬሞ፣ መድኃኒቱንም ከተለመደው ቀን አፍጥኖ መስጠት ይሻል እንደሆነ ለማወቅ ስለ ተደረጉት ምርምሮች ነው። መጋቢ ምን አግብቶት የሐኪም ነገር ይጽፋል የምትሉ ትኖራላችሁ። ጥያቄው የመጣው ወደ እኛ ነው፤ የመጣውም ለጸሎት በተሰበሰብንበት ነው። ስለዚህ ትንሽ ረዘም ቢልም ታግሣችሁ አንብቡልን።

በአገራችን ሴቶችን ከሚይዙት የካንሰር ዓይነቶች ቀዳሚው የጡት ካንሰር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 ድረስ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የታከሙ 1,070 ሴቶችን የተከታተለ ጥናት አለ። ግማሽ ያህሉ ዕድሜያቸው ከ43 ዓመት በታች ነበር፤ ገና ልጅ የሚያሳድጉ፣ ጓሮ የሚኮተኩቱ፣ ቤት የያዙ ሴቶች ናቸው ማለት ነው። የሕመሙ ደረጃ ከተመዘገበላቸው መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሆስፒታል የደረሱት ሦስተኛ ወይም አራተኛ ደረጃ ላይ ሆነው ነው። የእብጠቱ መጠን በመካከለኛ ግምት 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር። አንድ ሎሚ ማለት ነው። ሎሚ የሚያህል ነገር ደግሞ በአንድ ሌሊት አይበቅልም።

እህታችን አርባ አንድ ዓመቷ ነው፤ የአራት ልጆች እናት ናት። ከሽንዲ በእግር ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ ገጠር ትኖራለች። ባለፈው ኅዳር፣ በርበሬ ሲለቀም፣ ግራ ጡቷ ላይ ጠጠር የመሰለ ነገር በእጇ ዳሰሰች። አላመማትም። የማያም ነገር በእኛ አገር በሽታ አይባልም። በርበሬው ተለቅሞ፣ ደርቆ፣ ተሽጦ፣ በጋው አልፎ፣ ግንቦት ላይ ማሳው ሲታረስ ነው ለባሏ የነገረችው። ስለ ጡት ማውራት ነውር መስሏት እንጂ ባሏ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። አባቶቻችን በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ፤ ነገር ግን ሴቶቻችን በሽታቸውን እንዲሸሽጉ ያስተማርናቸው እኛው የጎጃም ሰዎች ነን።

በሴቶች ኅብረት ጸሎት ላይ ለእህቶች ስትናገር እህቶቻችን ጥሩ ነገር አደረጉ። እጃቸውን ጭነው ጸለዩላት፤ በማግስቱ ጠዋት ሁለቱ አጅበው ጤና ጣቢያ ወሰዷት። ከጤና ጣቢያው ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ከፍኖተ ሰላም ወደ ባሕር ዳር ሪፈር ተጻፈላት። እዚህ ላይ ምስጋና ይገባል። ዛሬ ባሕር ዳር ውስጥ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች የካንሰር መድኃኒት ይሰጣሉ። ቀድሞ ከእኛ አካባቢ የሚታመም ሰው መንገዱ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ርቆ ወደሚገኘው ጥቁር አንበሳ ነበር። አሁን ከቡሬ በእንጅባራና በዳንግላ አድርጎ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ሆነ። ይህም ቢሆን ለገበሬ ቤት ቀላል አይደለም።

ናሙናው ተወስዶ ውጤቱ ሲመጣ አብረናት ነበርን። ሐኪሙ ትሑት ወጣት ነው። እብጠቱ 7 ሳንቲ ሜትር እንደ ሆነ፣ ብብቷ ውስጥም እንደ ገባ ነገረንና፣ «አሁን አንቆርጥም። መጀመሪያ ኬሞ ትወስዳለች፤ ከዚያ ነው ቀዶ ሕክምናው» አለ። ታላቅ ወንድሟ ብድግ አለ። «ዶክተር፣ በሬ የሸጥሁት እኮ ለቢላዋው ነው! ይህን ነገር ዛሬውኑ ቆርጣችሁ ጣሉልን እንጂ ወራት ሙሉ ጡቷ ላይ አስቀምጠን ምን እንሠራለን?»

ወንድምየው የተናገረው የብዙ ሰው ሐሳብ ነው። እሾህ የወጋው ሰው እሾሁን ይነቅላል እንጂ ዙሪያውን ሲያሽ አይውልም። ሐኪሙ ግን በትዕግሥት አስረዳው። እብጠት ትልቅ ሲሆንና ከቆዳ ወይም ከደረት ጋር ሲጣበቅ፣ ቢላዋው ጤነኛውን ሥጋ ከታመመው በደንብ መለየት ያቅተዋል፤ መድኃኒቱ ካሳነሰው በኋላ ግን ንጹሕ አድርጎ ማውጣት ይቀላል። ሁለተኛ፣ በደም ሾልኮ ወደ ሳንባ ወይም ወደ አጥንት የሄደ ዘር ካለ መድኃኒቱ ቶሎ ያገኘዋል። ሦስተኛውን እኛ በጣም ወደድነው፤ እብጠቱ በቦታው እያለ መድኃኒቱ ይሥራ አይሥራ በእጅ ተዳስሶ ይታወቃል። ቆርጠው ከጣሉት በኋላ ግን የሚዳሰስ ነገር የለም፤ መድኃኒቱ የሚሰጠው በጭፍን ነው።

ይህ የአንድ ሐኪም አስተያየት አይደለም። በአሜሪካ ቢ-18 በተባለ ጥናት 1,523 ሴቶች በሁለት ተከፍለው አንድ ዓይነት መድኃኒት ወሰዱ፤ ግማሾቹ ከቀዶ ሕክምና በፊት፣ ግማሾቹ በኋላ። በሕይወት በመቆየት በኩል ሁለቱ እኩል ሆኑ። ቀድመው የወሰዱት ግን ጡታቸው ሙሉ በሙሉ ሳይወገድ እብጠቱ ብቻ የወጣላቸው ይበዛሉ። እንግዲህ መድኃኒቱን ማስቀደም ጊዜ ማባከን አይደለም።

ወንድምየው ዝም አለ። እንዳመነ አናውቅም፤ ግን የበሬውን ገንዘብ ለእኅቱ ሰጣት።

ሁለተኛው ጥያቄ የመጣው ከበኩር ልጇ ነው። ቡሬ የሚማር ብልህ ልጅ ነው። ረቡዕ ማታ የጸሎት ፕሮግራም ላይ ስለ እናቱ ልንጸልይ ስንል እጁን አነሣ። «መጋቢ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ከመጸለያችን በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ስልኬ ላይ አነበብሁ። ውጭ አገር ይህንኑ መድኃኒት በየ14 ቀኑ ይሰጣሉ። የእናቴ ግን በየ21 ቀኑ ነው። ድሀ ስለ ሆነች ነው የሚያስጠብቋት?»

ቤቱ ጸጥ አለ። እንዲህ ያለውን ጥያቄ «ጌታ ያውቃል» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ይህ ልጅ የጠየቀው ጌታ የሚያውቀውን ሳይሆን እኛ ልናውቀው የሚገባንን ነው። እናቱ ከኋላ ወንበር ተቀምጣለች። ሰምተን፣ አንብበን፣ ሐኪሙንም ጠይቀን ያገኘነውን እናካፍላችሁ።

በመጀመሪያ 21 ቀን ከየት መጣ? የኬሞ መድኃኒት በተለይ የሚመታው ፈጥኖ የሚባዛውን ሕዋስ ነው። ካንሰር ፈጥኖ ይባዛል። ነገር ግን የፀጉር ሥር፣ የአፍና የአንጀት ውስጠኛ ገጽ፣ ደም የሚሠራው የአጥንት መቅኔም ፈጥነው ስለሚባዙ አብረው ይመታሉ። መድኃኒቱ ከተሰጠ ከአሥር እስከ አሥራ አራት ቀን ገደማ ሲሆን ከተላላፊ በሽታ የሚጠብቁን ነጭ የደም ሕዋሳት እጅግ ያንሳሉ። ከዚያ መቅኔው ያገግማል፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ ለሚቀጥለው ዙር ይደርሳል። ገበሬ ይህን ያለ ትምህርት ያውቀዋል። በሬ ከጥማድ ተፈትቶ ካልበላና ካላረፈ በማግስቱ ትልም ውስጥ ይወድቃል። 21 ቀን የመቅኔው ዕረፍት ነው።

ታዲያ 14 ቀን ለምን ታሰበ? በ1970ዎቹ ላሪ ኖርተንና ሪቻርድ ሳይመን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እብጠት እንዴት እንደሚያድግ በሒሳብ ሲያጠኑ አንድ ነገር አስተዋሉ። ለልጁ የነገርነው እንዲህ ብለን ነው፦ «በቆሎ ስትኮተኩት ታውቃለህ። አረሙ ጥቅጥቅ ብሎ ሲበቅል እርስ በርሱ ስለሚሻማ ዕድገቱ ቀርፋፋ ነው። ኮትኩተህ ስታሳሳው የተረፈው ቦታና ብርሃን አግኝቶ ይፈጥናል። ካንሰርም መድኃኒት ሲመታው የቀረው ጥቂት ሕዋስ ከበፊቱ ይልቅ በፍጥነት ይመለሳል። ስለዚህ ሁለተኛውን ኩትኳቶ ባታዘገየው ይሻላል ነው ነገሩ።» የመድኃኒቱ መጠን አይጨምርም፤ የሚያጥረው በመካከል ያለው ቀን ነው።

በዚያን ጊዜ ይህን ማድረግ አይቻልም ነበር፤ ምክንያቱም በ14ኛው ቀን ነጭ ሕዋሳት ገና አልተመለሱም። እ.ኤ.አ. በ1991 ግን ፊልግራስቲም የሚባል መርፌ አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ፤ መቅኔው ነጭ ሕዋስ ፈጥኖ እንዲሠራ የሚቀሰቅስ ነው። እርሱን ይዘው ሞከሩ። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ጥናት ካንሰሩ ወደ ብብታቸው የደረሰና ቀዶ ሕክምና ያደረጉ 2,000 ያህል ሴቶች ተሳትፈዋል። ከአራት ዓመት በኋላ በየ14 ቀኑ ከወሰዱት 82 በመቶ፣ በየ21 ቀኑ ከወሰዱት 75 በመቶ የሚሆኑት ሕመሙ ሳይመለስባቸው ነበሩ። በ2019 ደግሞ 26 ጥናቶች፣ 37,298 ሴቶች በአንድ ላይ ተደምረው ታዩ፤ አብዛኞቹ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የታከሙ ናቸው። መድኃኒቱን ሰብሰብ አድርገው የወሰዱት ሕመሙ በአሥር ዓመት ውስጥ የተመለሰባቸው 28.0 በመቶ፣ በተለመደው መንገድ የወሰዱት 31.4 በመቶ ሆኑ። በጡት ካንሰር መሞትም ከ21.3 ወደ 18.9 በመቶ ወረደ።

ከመቶ ሦስትና ሁለት ሰው ትንሽ ይመስላል። እኛ ግን የቀብር ሥነ ሥርዓት የምንመራ ሰዎች ነንና ሁለት ሰው ትንሽ ነው አንልም።

እስከዚህ ድረስ ልጁ ትክክል ነበር። ከቀዶ ሕክምና በፊት ሲሆንስ? እዚህ ላይ ነገሩ ለየት ይላል። በጀርመን አገር ጌፓርዱኦ በተባለ ጥናት 913 ሴቶች ተሳተፉ። አንደኛው ቡድን ሁለት መድኃኒቶችን ባንድነት በየ14 ቀኑ አራት ጊዜ ወሰደ፤ በ8 ሳምንት አለቀ። ሌላው ቡድን በየ21 ቀኑ ስምንት ዙር፣ መድኃኒቱን እየቀያየረ 24 ሳምንት ቆየ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የወጣው ሥጋ በማጉያ መሣሪያ ሲመረመር ካንሰሩ ጨርሶ የጠፋላቸው ከፈጣኖቹ 7.0 በመቶ፣ ከቀርፋፎቹ 14.3 በመቶ ነበሩ። እጥፍ ልዩነት ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ይህ ነው ብለን ልንዘጋው ነበር። ነገር ግን ደግሞ እዚያው ጀርመን፣ በ2009 በታተመ ሌላ ጥናት፣ 668 ሴቶች መካከል ጠንከር ያለ መጠን አንዱን መድኃኒት አስቀድመው ሌላውን አስከትለው በየ14 ቀኑ የወሰዱት 18 በመቶ፣ በየ21 ቀኑ ባንድነት የወሰዱት 10 በመቶ ካንሰሩ ጠፋላቸው። በዚህኛው ፈጣኑ በለጠ።

እንግዲህ ፍጥነት ብቻውን ምንም አይደለም። ስንት ዙር ነው፣ የትኞቹ መድኃኒቶች ናቸው፣ በምን ተርታ ነው፣ ሰውነቱስ ይሸከማል ወይ የሚለው አብሮ ይቆጠራል። ዙሩን በማጠፍና ቀኑን በማቀራረብ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ፤ የመጀመሪያው ጥናት ያሳጠረው ጠቅላላውን ሕክምና ነበር።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ልጁ ራሱ ሐኪሙን ጠየቀው። ሐኪሙ አልተቆጣም። «ጥሩ ጥያቄ ነው» ብሎ ወንበር ሳበለት። መርፌው ከዙሩ በኋላ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ለአንድ ሳምንት ያህል በየቀኑ የሚወጋ እንደ ሆነ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሚሆን ቅዝቃዜ መቀመጥ እንዳለበት፣ ዋጋውም ከባድ እንደ ሆነ ነገረው። እነሱ ቤት መብራት የለም፤ ፍሪጅ ያለው ቅርብ ቤት ሽንዲ ከተማ ነው፤ እዚያም መብራቱ ይጠፋል። «ነጭ ሕዋሷ ወርዶ ሌሊት ትኩሳት ቢይዛትስ፣ ሆስፒታል ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጅባችኋል?» ብሎ ጠየቀው። ልጁ መልስ አልነበረውም። ከዚያ ሐኪሙ እስከ ዛሬ የማንረሳውን ነገር ተናገረ። «ለእናትህ 21 ቀን ጥሩ ነው። እኔ የምፈራው 21 ቀኑን አይደለም። የምፈራው 21 ቀን ወደ 35 ሲሆን ነው። ከገጠር የሚመጡ እናቶች አንዱን ዙር ይወስዱና ለሁለተኛው ሲጠፉብን ነው።»

ያን ቀን ወደ ሽንዲ ስንመለስ ስለዚህ ስናወራ መጣን። አሜሪካኖች ከ21 ላይ ሰባት ቀን ለመቀነስ ብዙ ዓመት ደከሙ። እኛ ደግሞ በመንገድ፣ በገንዘብ፣ በለቅሶ፣ በአጨዳ፣ በይሉኝታ ምክንያት አሥራ አራት ቀን እንጨምርበታለን። እህታችንም ከኅዳር እስከ ግንቦት የጠበቀችው ስድስት ወር አለ። መርፌውን መግዛት ባንችል ይህንን መቀነስ እንችላለን። ይህ የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነው፤ ፍሪጅም አያስፈልገውም።

በዚያ እሑድ የሰበክነው ስለ ንዕማን ነው። በሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 5 ያለውን ታሪክ ታውቁታላችሁ። ሰውየው የጠበቀው ነቢዩ ወጥቶ እጁን አወዛውዞ ባንድ ጊዜ እንዲፈውሰው ነበር። የተነገረው ግን ሰባት ጊዜ በዮርዳኖስ እንዲጠመቅ ነው። በነገረ መለኮት ኮሌጅ ሳለን ስለ ትሕትና ብዙ ተምረንበታል፤ በሆስፒታል ኮሪደር ስንቀመጥ ግን ሌላ ነገር ታየን። ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው ጥምቀት በኋላ ቆዳው እንደ ተሻለው መጽሐፉ አይነግረንም። አምስተኛውን የገባው ለውጥ አይቶ አይመስልም። ደግሞም በቁጣ ሊመለስ ሲል ያስቆሙት አገልጋዮቹ ናቸው፤ አክብረው፣ አባብለው ወደ ወንዙ መለሱት። ነቢዩ አንድ ጊዜ ቃል ላከ። ሰውየውን ወደ ውኃው ያደረሱት አብረውት የሚሄዱት ናቸው።

አንድ እንግዳ አገልጋይ ስብከቱን ሰምቶ ሲያበቃ፣ ኬሞ የእምነት ማነስ አይሆንም ወይ ብሎ ጠየቀን። ስለ ሕዝቅያስ አስታወስነው። ንጉሡ እንደሚድንና አሥራ አምስት ዓመት እንደሚጨመርለት ከእግዚአብሔር ዘንድ ከተነገረው በኋላ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አስመጥቶ ቁስሉ ላይ አስደረገ። ተስፋውም ልጥፉም ከአንድ እጅ መጡ። በዚህ ላይ ብዙ መከራከር አንወድም።

ክርክር የሆነብን ጾሙ ነው። እህታችን የጸሎት ሴት ናት። ከሁለተኛው ዙር በኋላ ፀጉሯ ረግፎ፣ አፏ ቆስሎ ሳለ ቤተ ክርስቲያኒቱ ስለ እሷ የሦስት ቀን ጾም ስታውጅ እሷም ልትጾም ተነሣች። «ስለ እኔ ሰው እየተራበ እኔ እበላለሁ?» አለች። ሽማግሌዎች ሄደን፣ «እኅቴ፣ ጾሙን እኛ እንጾማለን፤ አንቺ ብዪ» አልናት። ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ በታች ሞቱን ለምኖ ሲተኛ መልአኩ የሰጠው እንጎቻና ውኃ ነው፤ አንዴ በልቶ ተኛ፤ ሁለተኛም ቀስቅሶ አበላው፤ ምክንያቱም ገና ሩቅ መንገድ ነበረበት። እንቁላል፣ ሽሮ፣ የተፈላ ወተት፣ ጥሬ ሥጋ የለ፣ ጥሬ ወተት የለ። እያለቀሰች በላች።

ጥየቃም አለ። እኛ አገር ሰው ሲታመም ቤቱ ይሞላል፤ የሚያስል ሕፃን ሳይቀር ታዝሎ ይመጣል። ይህ ፍቅር ነው፤ ነጭ ሕዋሷ ለወረደ ሰው ግን አደጋ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ጠያቂ በር ላይ ቆሞ እንዲጸልይ፣ የሚያስለው እንዳይገባ ልጇን ዘበኛ አደረግነው። ዘመድ ተቀይሟል። ከቡሬ የትኩሳት መለኪያ ገዛንላት። 38 ዲግሪ ካለፈ ሌሊትም ቢሆን፣ ጭቃም ቢሆን መኪና ይጠራል፤ እስኪነጋ እንጸልይላት ብሎ ማሳደር የለም። መኪና ውስጥም ይጸለያል።

ሦስተኛው ዙር ላይ የፈራነው ደረሰ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት መንገድ በየጊዜው እንደሚዘጋ ታውቃላችሁ። በዚያ ሳምንት ከቡሬ የሚወጣ መኪና አልነበረም። 21ኛው ቀን ሽንዲ ላይ ተቀምጠን አለፈ። 22፣ 23፣ 24። ልጇ ቀኑን በግድግዳው ላይ በከሰል ይጽፍ ነበር። በ29ኛው ቀን ደረሰች። ሐኪሙ ደም አይቶ፣ ምንም ሳይናገር መድኃኒቱን አስጀመረላት።

ከዚያ ወዲህ ባሕር ዳር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየን። ከቀጠሮዋ አምስት ስድስት ቀን ቀድማ ትሄዳለች፤ መንገድ ቢዘጋም እሷ እዚያ ናት። ኪራዩን የሚከፍሉት የሴቶች ኅብረት እኅቶች በርበሬ ፈጭተው እየሸጡ ነው። ደጉ ሳምራዊ የቆሰለውን ሰው ዘይትና ወይን አፍስሶለት ብቻ አልሄደም፤ የማደሪያውን ሁለት ዲናር ከፈለ፤ ለሚተርፈውም ዕዳ ዋስ ሆነ። እነሆ አራተኛው በ21ኛው ቀን ሆነ። አምስተኛውም በ21ኛው ቀን። ሐኪሙ ከአራተኛው በኋላ ሲለካው እብጠቱ ከ7 ወደ 4 ሳንቲ ሜትር ወርዷል። ገና ሦስት ዙር አለባት፤ ከዚያ ቀዶ ሕክምናው፤ ከዚያም እንደ ናሙናዋ ውጤት በየቀኑ የምትውጠው ኪኒን ይኖራል።

አሁን በሽማግሌዎች መካከል ያለው ጉዳይ ሌላ ነው። የእህታችን ጎረቤት ወንጌል አማኝ አይደለችም። ጠበል ስትሄድ የቆየች ሴት ናት፤ የንስሐ አባቷም ጠበሉንም ሐኪሙንም አትተዪ ብለዋታል፤ ደግ አድርገዋል። ባለፈው ወር ነጠላዋን ተከናንባ ወደ እህታችን ቤት መጣችና፣ «እታለም፣ ያንቺ የመሰለ ነገር እኔም አለብኝ። ያቺ ክፍል ለእናንተ ሰው ብቻ ናት?» ብላ ጠየቀች። አንዳንድ ሽማግሌዎች የአባላት መባ ነው፣ ለአባላት ይዋል አሉ፤ ገንዘቡም ለሁለት አይበቃም፣ ይህ እውነት ነው። ሁለት ስብሰባ አደረግንበት፤ አልተስማማንም። እህታችን ግን ስብሰባችንን አልጠበቀችም። ቁልፉ በእጇ ነው። ባለፈው ሰኞ ሁለቱ አብረው ከቡሬ ተሳፈሩ፤ አንድ ፍራሽ ላይ ተኝተው እንደ ሰነበቱ ሰማን። የጎረቤታችን ናሙና ተወስዷል፤ ውጤቱ ገና አልመጣም።